ኦቦ ኩምሳና የብረቱ አልጋ

ኦቦ ኩምሳ አረፉ ተብሎ ከአዲስ አበባ ሲደወልልኝ፣ እኔ ሴትዮ መጀመሪያ የጠየቅኩት «ታዲያ የጫልቱን ልጅ ማን ያወርደዋል?» ብዬ ነው። የደወለው የበኩር ልጃቸው ነበር። «ብርቄ፣ አባቴ ሞተ ነው የምልሽ» አለኝ። ሰምቻለሁ እኮ። ሰምቼ ነው የጠየቅኩት። ሰው ሲደነግጥ አፉ የሚያመጣለትን አያውቅም፤ የእኔ አፍ ደግሞ ሳልደነግጥም እንዲሁ ነው። እናቱን ማለዳ ሽማግሌ ይዤ እንዳረዳለት አደራ ብሎኝ ዘጋው። እኔም ሱቄ ውስጥ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ኦቦ ኩምሳ አከራዬ ነበሩ። አምቦ ከተማ፣ አስፋልቱ ዳር ያለውን ግቢያቸውን ለሦስት ከፍለው፣ በዋናው ቤት እሳቸውና ባለቤታቸው አዴ ብዙነሽ ይኖራሉ። መንገድ ዳሩን ክፍል ለእኔ ለሱቅም ለመኖሪያም አከራዩኝ። የጓሮዋን ክፍል ደግሞ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ለሆነችው ለጫልቱ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የረጅም መንገድ አውቶብስ ሹፌር ነበሩ፤ ከአዲስ አበባ ይነሳሉ፣ ባኮ ይገባሉ፣ በማግስቱ ይመለሳሉ። ከመኪና ከወረዱ ስንት ዓመታቸው፣ ሲቀመጡ ግን ያኔም ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ይዘረጋሉ፣ መሪ እንደያዙ። ቁርስ ላይም፣ ለቅሶ ቤትም፣ የዕድር ስብሰባ ላይም ያው ናቸው። ሰው ሲያናድዳቸው ቀኝ እግራቸው መሬቱን ይረግጣል። ፍሬን ነው። ከአዴ ብዙነሽ ጋር የተከራከሩ ቀን ያ እግር ሥራ ይበዛበታል።

አልጋውን ያሠሩት ለመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ነው። ሲነዱት የኖሩት አውቶብስ አርጅቶ ለብረት ነጋዴ ሲሸጥ፣ ፖርቶ መጋላውን፣ ያንን ጣሪያ ላይ ሻንጣ የሚታሰርበትን ብረት ለምነው ወሰዱና በያጅ ቤት አስገብተው የሕፃን አልጋ አስበየዱት። ከታች ቀይ፣ ከላይ ክሬም ቀቡት። በጎኑ «ቀስ ብለን እንገባለን» ብለው ጻፉበት። ከዚያ በአውቶብስ ጣሪያ ጭነው አዲስ አበባ ላኩት። ምራታቸው አየችውና «ይሄ አልጋ ነው ወይስ ወህኒ ቤት?» ብላ በመጣበት ጣሪያ መለሰችው። አዴ ብዙነሽ እንደሚሉት ሰውየው የዚያን ዕለት እራት አልበሉም።

እኔ ኢብሳን ወልጄ ወገቤ ሳይጠና፣ ያ ብረት በአራት ወንድ ሸክም ቤቴ ገባ። ማን ጠየቀኝ? አከራይ ነው፣ አልፈልግም አይባልም። እውነቱን ለመናገር ግን ጠቀመኝ። በእኛ አገር ልጅ የሚያድገው እናቱ ጉያ ነው፤ የእኔ ጉያ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ባንኮኒ ላይ ነው። ባሌ ባኮ በቆሎ የሚጭን መኪና ይነዳል፣ የማየው እሁድ እሁድ ነው። ኢብሳ አልጋው ውስጥ ካልሆነ ስኳሩ ውስጥ ነው። ስኳሩ ውስጥ ካልሆነ ደግሞ አንዱ ጥግ ተቀምጦ ሳሙና ይበላል።

ዋናው ነገር ግን የምሽቱ ጉዞ ነው። ከእራት በፊት ኦቦ ኩምሳ በርጩማቸውን ይዘው ይመጡና አልጋው ራስጌ ይቀመጣሉ። «መኪናው ሊነሳ ነው፤ ሸኚ ይውረድ» ይላሉ። ሸኚ እኔ ነኝ። ከዚያ በአፋቸው ሞተር ያስነሳሉ። ብርድ ሲሆን ሞተሩ እንቢ ይላል፤ ሳላቸው ይሁን ሞተሩ ለይቼ አላውቅም። ኢብሳ ብረቱን ይዞ ይቆማል። «ሆለታ። ወራጅ አለ?» ዝም። «ጊንጪ። ወራጅ አለ?» ዝም። ጊንጪ ላይ ዕረፍት አለ፣ ለተሳፋሪው ብስኩት ይሰጠዋል። ብስኩቱ ከእኔው መደርደሪያ ነው። «ጉደር። ወራጅ አለ?» ሲሉ ልጁ መቀመጥ ይጀምራል። የጌዶን ዳገት ሲያያዙት ማርሽ ይቀንሳሉ፣ ድምፃቸው ይወፍራል፣ ኢብሳም እዚያው ዳገት ላይ ድብን ብሎ ይተኛል። ባኮ የሚገቡት ብቻቸውን ነው።

በእነዚያ መንገድ በየጊዜው በሚዘጋባቸው ዓመታት፣ ከአዲስ አበባ ባኮ አንድ ቀን ሳያስተጓጉል የሠራ መኪና የእኔ ቤት አልጋ ብቻ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ጨንቆት ቤቱ በተቀመጠበት ምሽት እንኳ ጎረቤት በግድግዳ በኩል «ኦቦ ዛሬም ገቡ?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። «ገብተዋል፣ በሰላም» እላለሁ። እንስቃለን። እንደዚያ ካልሳቅን በምን እናመሽ ነበር?

ኢብሳ ሁለት ዓመት ካለፈው በኋላ ብረቱን መንጠላጠል ጀመረ። አንድ ቀን ምስር እየመዘንኩ ዞር ብል፣ አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ውጭ፣ ፈረስ እንደተቀመጠ ሰው ብረቱ ላይ ተንፈራጧል። ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ክትባት የምትሰጠው ነርስ ስነግራት «ብረቱ ደረቱ ላይ ከደረሰና መንጠላጠል ከጀመረ ጊዜው ነው፤ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፊለት» አለችኝ። መጥቼ ለኦቦ ኩምሳ ነገርኳቸው። ቀኝ እግራቸው መሬቱን ረገጠ።

«ሰው በደረቱ ነው እንዴ የሚወርደው?»

«ሊወድቅብኝ ነው እኮ፣ ኦቦ።»

«መንጠላጠልና መውረድ አንድ አይደለም። መኪና ሳይቆም የሚዘል ጎረምሳ ስንት አይቻለሁ። ተሳፋሪን ሹፌር አያወርደውም፤ ራሱ ነው የሚወርደው። ወራጅ አለ ይበልና እኔ ራሴ በሩን እከፍትለታለሁ።»

«አፉን አልፈታም እኮ። ከየት አምጥቶ ይበል?»

«እንግዲያው አልደረሰም» አሉና በርጩማቸውን አንስተው ሄዱ።

ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በአማርኛም በኦሮምኛም ሲሳደብ፣ የእኔው ልጅ የሚያውቀው «እማ» እና «እንቢ» ብቻ ነው። ገበያተኛው ሁሉ «አሁንም አልተናገረም?» ይለኛል፣ የነገርኩት ይመስል። አሁን ደግሞ አልጋውን ለመልቀቅ መናገር አለበት ተባለ። ምላሱና እግሩ አንድ ላይ ታሰሩብኝ።

እኔም ግትር ነኝ። አንድ ምሽት ኦቦ ኩምሳ ባኮ ገብተው ወደ ቤታቸው እንደሄዱ፣ ልጁን ቀስ ብዬ አንስቼ መሬት ፍራሽ ላይ አስተኛሁት። ማለዳ ዳቦ የሚያመጣልኝ ሰው አንኳኳ፣ ከፈትኩ፣ ዳቦዬን ተረከብኩ። ዞር ስል ፍራሹ ባዶ ነው። ለካ በእግሬ ሥር ሾልኮ ወጥቷል። በባዶ እግሬ ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ። በዚያ ሰዓት የባኮና የነቀምት መኪኖች እንዴት እንደሚበሩ አምቦ የኖረ ያውቃል።

ኦቦ ኩምሳ ደግሞ ማለዳ ማለዳ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ የሚያልፈውን ሹፌር ሁሉ የመውቀስ ልማድ አላቸው። እግዜር ይስጣቸው፣ እዚያው ነበሩ። ኢብሳ ጉልበታቸው ላይ ተቀምጧል፤ ሁለቱም እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው መኪና ያያሉ።

«ይሄ ተሳፋሪ ያንቺ ነው?» አሉኝ።

አልጮሁብኝም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። «ሳይጠይቅ የወረደ ሰው የት እንደወረደ አያውቅም። ስለዚህ መሀል መንገድ ይቆማል» አሉና፣ ጫማዬን አድርጌ እስክመለስ ድረስ ልጁን አልሰጡኝም። ኢብሳም ወደ አልጋው፣ እኔም ወደ ባንኮኒዬ ተመለስን።

ነገር የመጣው በጫልቱ በኩል ነው። ጫልቱ ወሯ ገብቷል። የጓሮዋ ክፍል ደግሞ አይጥ አለባት። ድመት አመጣች፣ ድመቷ ኮበለለች፤ መርዝ ብታደርግ አይጡ ወፈረ። ያ የብረት አልጋ እግሩ ረጅምና ልሙጥ ስለሆነ አይጥ አይወጣበትም። እሷ አልጋውን የምትጠብቀው ለቅንጦት አይደለም፤ አይጥ የልጇን ጆሮ እንዳይበላባት ነው። አንድ ቀን ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ መጣች።

«ኦቦ፣ የእኔ ልጅ ቆሞ ሊሄድ ነው?»

«ወንበር ሲለቀቅ ይቀመጣል» አሏት።

«እሺ ሁለቱን አብረን እናስተኛቸው። አንዱ በራስጌ፣ አንዱ በግርጌ።»

«ትርፍ አልጭንም።»

ኦቦ ኩምሳ አንዴ ጉደር ላይ በትርፍ ሰው ተይዘው መንጃ ፈቃዳቸው ታግዶባቸው ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ትርፍ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ቀኝ እግራቸው ይረግጣል።

«ጨቅላ እኮ ነው የምወልደው። ጨቅላም ትርፍ ይባላል?»

«ትራፊክ ጨቅላ ነው፣ ሽማግሌ ነው አይልም። ራስ ነው የሚቆጥረው።»

ጫልቱ ወደ እኔ ዞረችና «ያ ዋቃ፣ የተከራየነው ቤት ነው መናኸሪያ?» ብላኝ ሄደች።

እኔም አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የልጁ አባት ያለው ባኮ ነው። ልጁ የሚጠብቀው ባኮን ይሆናል፣ ጌዶ ላይ እንቅልፍ እየጣለው ነው እንጂ፣ አልኩ። እሁድ ባሌ ሲመጣ በጠራራ ፀሐይ ልዩ ጉዞ እንዲደረግ ለመንኳቸው። ባሌ ጓዳው ጥግ ቆመ፤ ባኮ እሱ ነው። ጫልቱ በሩ ላይ ቆመች። ሆለታ ታለፈች፣ ጊንጪ፣ ጉደር፣ የጌዶ ዳገት። ኢብሳ ዓይኑን አፍጥጦ ብረቱን ይዟል። ኦቦ ኩምሳን ላብ አጥምቋቸዋል። «ባኮ። ወራጅ አለ?» ባሌ ሁለት እጁን ዘረጋ። ኢብሳ አየው፣ ሳቀለት፣ ቁጭ ብሎ ብስኩቱን መቆርጠም ቀጠለ። ኦቦ ኩምሳ ላባቸውን ጠረጉና «ነቀምት ነው የሚወርደው መሰለኝ» አሉ። ባሌ አኮረፈ። «ባኮ ድረስ መጥቶ አባቱ ጋ አልወረደም» እያለ ለሹፌር ጓደኞቹ ሁሉ ሲያማው ከረመ።

ጫልቱ በዚያው ሳምንት ሴት ልጅ ወለደች። ከሆስፒታል ስትመለስ ጨቅላዋን ጠረጴዛ ላይ፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ አስተኛናት። ጫልቱ ደግሞ ዱላ ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች። አራስ ተጋድማ ገንፎዋን መብላት ሲገባት በዱላ አይጥ ትጠብቅ? እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉ የመጡት ሴቶች ሁሉ የኦቦ ኩምሳን በር በክፉ ዓይን እያዩ ወጡ። እኔም ቀጥ ብዬ ሄድኩላቸው።

«ኦቦ፣ አልጋውን ዛሬ አወጣዋለሁ። ከቤትዎ ቢያስወጡኝም ያስወጡኝ።»

እግራቸው ፍሬን ይረግጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልረገጠም። «አንድ ጉዞ ብቻ ስጪኝ» አሉኝ፤ እንዲህ ዝቅ ብለው ሲለምኑ ሰምቼ አላውቅም። «ካልወረደ አራት ሰው ጥሪ፣ እኔም አብሬ እሸከማለሁ።»

አዴ ብዙነሽ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከቤት ብዙም አይወጡም። የምሽቱን ጉዞ ከሩቅ ሞተሩን ይሰሙታል እንጂ ገብተው አይተውት አያውቁም። የዚያን ምሽት ግን ጫልቱን ጠይቀው ሲመለሱ ደክሟቸው እኔ ፍራሽ ላይ አረፍ አሉ። ጉዞው ተጀመረ። «ሆለታ። ወራጅ አለ?» ዝም። «ጊንጪ። ወራጅ አለ?» ዝም፣ ብስኩት። «ጉደር» ሲሉ አዴ ብዙነሽ እጃቸውን አነሱ።

«አንተ ሰውዬ፣ እስቲ አቁም።»

እግራቸው ሳያዙት ፍሬኑን ረገጠ። «ምን ሆንሽ?»

«አምቦስ?»

«አምቦ ምን?»

«ከጊንጪ ጉደር ዘለልክ እኮ። አምቦን የት ጣልካት? የልጁ ቤት አምቦ አይደለም እንዴ? ሆለታ ወርዶ ማን ጋ ይሂድ? ጊንጪ ምን ዘመድ አለው?»

እኔ በየቀኑ ስሰማው ከርሜ ልብ አላልኩትም። ባሌም ሹፌር ሆኖ ልብ አላለውም። ልጁ ለካ የሚወርድባት ከተማ ሳትጠራለት ነው ይህን ሁሉ ወራት የሚመላለሰው።

ኦቦ ኩምሳ እጃቸውን ከመሪው አወረዱ። «እኔ አምቦን ጠርቼ አላውቅም» አሉ ቀስ ብለው። «አምቦ ላይ ረዳቱ ነበር የሚጠራው። እኔ ሞተርም አላጠፋም። ስሟን ከጠራሁ፣ ሞተሩን ካጠፋሁ፣ እኔው ወርጄ እቀራለሁ ብዬ እፈራ ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ አዴ ብዙነሽ። «በዚህ በራችን በኩል ክላክስ አድርገህ ታልፋለህ። እኔም ልጆቹን በር ላይ ደርድሬ፣ አባታችሁ አለፈ እላቸዋለሁ። አራት ልጅ በክላክስ ነው ያሳደግከው። አንዳቸው እንኳ ከአልጋ ሲወርዱ አላየህም።»

ቁጣ አልነበረበትም አነጋገራቸው። በጣም አሳዘኑኝ፣ ሁለቱም። አገር ያስቸገረው ያ የሰውዬው ግትርነት ከየት እንደመጣ ገባኝ።

ኦቦ ኩምሳ እጃቸውን እንደገና ዘረጉ። «ከጊንጪ እንደገና እንነሳለን» አሉ። ሞተሩ አስቸገረ፣ አሳላቸው፣ ተነሳ። በእድሜያቸው እንደዚያ ቀስ ብለው ነድተው አያውቁም። ከዚያ ድምፃቸው እየተቆራረጠ «አምቦ» አሉ። «ወራጅ አለ?»

ኢብሳ ብስኩቱን ከአፉ አወጣ።

«ወራጅ አለ» አለ።

ጥርት አድርጎ፣ እንደ ትልቅ ሰው። ከ«እማ» እና ከ«እንቢ» ሌላ አንድ ቃል ወጥቶት የማያውቅ ልጅ። ኦቦ ኩምሳ ተነስተው የጎኑን ብረት ዝቅ አደረጉለት። ልጁ ፊቱን አዞረ፣ በሆዱ ተኛ፣ እግሩን አስቀድሞ እየዳሰሰ ወረደ። መሬት ሲረግጥ እጁን በብረቱ መሀል ሰደደና ብርድ ልብሱን ጎትቶ አወጣ። ሄዶም ፍራሹ ላይ አዴ ብዙነሽ አጠገብ ተጋደመ።

«ዕቃውንም አልረሳም» አሉ ኦቦ ኩምሳ። ፊታቸው በእንባ ርሷል፣ አልደበቁትም።

«ጎበዝ ነው» አሉ አዴ ብዙነሽ። «በል አንተም ውረድ። እራት ቀዘቀዘ።»

አልጋው ያንኑ ምሽት ጫልቱ ቤት ገባ፣ እሷም ዱላዋን ጣለች። ኢብሳ ከዚያ ወዲያ ወደ አልጋው ልመለስ ብሎ አልጠየቀም። ምላሱም ተፈታ፤ ተፈታና አሁን ዝም በል ብለው የማይሰማ ሆኗል። የጫልቱ ሴት ልጅ በጊዜዋ ወረደች፣ ሌሎች የሰፈሩ ልጆችም ተሳፍረው ወረዱ፣ በመጨረሻ የጫልቱ ሁለተኛ ልጅ ተሳፈረ። ኦቦ ኩምሳም አምቦን እስኪሰለቸን ድረስ ጠሯት። አንዳንድ ቀን ከአምቦ አያልፉም ነበር፤ በርጩማቸውን ያነሱና እዚያው ወርደው ወደ ሚስታቸው ይገባሉ። ሕመም ጸንቶባቸው ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሲወስዷቸው፣ መኪና ውስጥ ሆነው ለጫልቱ «እስክመለስ ልጁን እንዳታወርጂው» አሏት። አልተመለሱም።

ስልኩ በተደወለ ማግስት ማለዳ ከሽማግሌዎች ጋር ገብተን አዴ ብዙነሽን አረዳናቸው። አልቅሰው ሲበርድላቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «በየት በኩል ያመጡታል?»

«በሆለታ፣ በጊንጪ አድርገው» አልኳቸው።

ለቀስተኛው ጓሮ በተተከለው ድንኳን ተሰብስቧል። አዴ ብዙነሽ ግን እንቢ ብለው መንገድ ዳር፣ ሰውየው በሚቀመጡበት ድንጋይ አጠገብ ወንበር አስወጡ። እኔና ኢብሳ አብረናቸው ቆምን፤ ኢብሳ አሁን ተማሪ ነው። ልጆቻቸው በሌላ መኪና ከኋላ ቀርተዋል፤ አስከሬኑን የያዘው ሹፌር ቤቱን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ነው። መኪናው ከጊንጪ በኩል ብቅ አለ። ክላክሱን እየነፋ መጣ፣ መጣ፣ በፊታችን አለፈና ወደ ጉደር ተፈተለከ።

አዴ ብዙነሽ እጃቸው ጭናቸው ላይ ወደቀ። «አለፈ» አሉ።

ኢብሳ ከአጠገቤ አልነበረም። አስፋልቱ ዳር እየሮጠ፣ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ ሰፈሩ በሙሉ በሚሰማው ድምፅ «ወራጅ አለ!» አለ።

መኪናው ራቅ ብሎ ቆመ። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ኋላ መጣ። የጫልቱን ልጅ ማን እንደሚያወርደው ያን ጊዜ አወቅኩ። አዴ ብዙነሽ በነጠላ ታጥቀው፣ ፊታቸው እንባ እንደሆነ ሳቁ፤ እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ፣ አለቀስኩ፣ የቱ እንደሆነ እንጃ። ክንዳቸውን ይዤ እስከ መኪናው መስኮት አደረስኳቸው። ሹፌሩ ግራ ተጋብቶ ያየናል፤ መኪናው ይንፈቀፈቃል።

«ሞተሩን አጥፋው፣ ልጄ» አሉት። «አምቦ ደርሷል።»